አመድ አፋሾች

በአማርኛችን «እጄ አመድ አፋሽ ነው» የሚል ሰው ምን ማለቱ እንደሆነ ለአንባቢ ማስረዳት አያሻም። ደግ ሠርቶ ክፉ የተመለሰለት፣ አሳድጎ የተከዳ፣ አብልቶ የተነከሰ ሰው እሮሮ ነው። «እሳት አመድ ወለደ» ሲባልም አመድ የታላቁ እሳት የማይረባ ልጅ ሆኖ ይቀርባል። የተከፋ ሰው ፊቱ አመድ ይመስላል፤ ኢዮብም የተቀመጠው አመድ ላይ ነው። እንግዲህ በዚህ ቋንቋ ላደገ ሰው፣ የአንድ ከተማ ሕዝብ ማንኪያና ጠርሙስ ይዞ ወደ ደጁ ወጣ፣ አመድ አፈሰ፣ ክዳን ገጠመበት፣ ቀን ጽፎ ለጥፎ የሳሎን መደርደሪያ ላይ አኖረው ቢባል መጀመሪያ የሚመጣበት ሳቅ ነው።

ይህ ጽሑፍ ሂስ ነው። የሚተቸው ግን ልብ ወለድ ወይም ቴአትር አይደለም፤ ያ በጠርሙስ የገባ አመድና ከእርሱ የተወለዱት ማስታወሻዎች ናቸው። ማስታወሻ ዕቃም እንደ ድርሰት ነው ባይ ነኝ። እንዲህ ሆነ ብሎ ይተርካል፤ ተራኪ አለው፤ የሚናገረውና የሚደብቀው አለው። ስለዚህም በደንብ የተሠራውን ካልተሠራው፣ እውነተኛውን ከአስመሳዩ መለየት ይቻላል። ተራ ዕቃን እንዲህ አድርጎ መተቸት በእኛ ዘንድ ብዙም አለመለመዱን አውቃለሁ። ይለመድ።

ነገሩ የሆነው በአሜሪካ፣ በዋሽንግተን ስቴት ነው። እሑድ ግንቦት 10 ቀን 1972 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ሜይ 18 ቀን 1980) በአካባቢው ሰዓት፣ በእኛ አቆጣጠር ከጠዋቱ 2 ሰዓት ከ32 ደቂቃ ላይ፣ ሴንት ሄለንስ የተባለው ተራራ መጠኑ 5.1 በሆነ የመሬት መንቀጥቀጥ ተናወጠ። ለሳምንታት ወደ ውጭ እያበጠ የነበረው ሰሜናዊ ጎኑ ተንዶ ወረደ፤ በታሪክ ከተመዘገቡት የየብስ ናዳዎች ሁሉ ትልቁ ነው ይባላል። ጎኑ ሲናድ በውስጡ ታፍኖ የኖረው ጋዝና ቅልጥ ዓለት ቡሹ እንደተነቀለ ጠርሙስ በዚያው በጎን ፈነዳ። ተራራው ከቁመቱ 400 ሜትር ያህል አጣ። 57 ሰዎች ሞቱ። የአመዱ ዓምድ በሩብ ሰዓት ውስጥ 24 ኪሎ ሜትር ሽቅብ ወጣ፤ ከዚያም ነፋስ ወደ ምሥራቅ ነዳው። ከተራራው በስተ ምሥራቅ 135 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ በምትገኘው በያኪማ ከተማ ገና ረፋዱ ላይ ጨለመ፤ የመንገድ መብራቶች በራሳቸው በሩ። ሪትዝቪል የምትባል ትንሽ ከተማ 300 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ ሳለ አምስት ሳንቲ ሜትር ያህል አመድ ወረደባት፤ መንገድ ላይ የነበሩ ሁለት ሺህ የሚሆኑ ተጓዦችም እዚያው ተይዘው ቀሩ። በዕለቱ የወደቀው አመድ ጠቅላላ ክብደት ግማሽ ቢሊዮን ቶን ያህል ነበር፤ 11 ስቴቶችን ነክቷል።

«አመድ» የሚለው ስም ራሱ ያሳስታል፤ በእንግሊዝኛውም እንዲሁ። የሚነድ ነገር ነድዶ የተረፈው ቅሪት አይደለምና። ከ2 ሚሊ ሜትር በታች ሆኖ የደቀቀ ዓለት፣ የማዕድን ስብርባሪና ብርጭቆ ነው። ውሃ አያሟሟውም። ሲረጥብ ይከብዳል፣ ኤሌክትሪክም ያስተላልፋል። የመኪና መስተዋት ይፍቃል፣ ሞተር ይበላል። ከእናቶቻችን ምድጃ አመድ ጋር የሚያዛምደው መልኩና ልስላሴው ነው፤ ልስላሴውም በዓይን ሲያዩት ብቻ። ይህን ማወቅ ለሂሳችን ይጠቅማል። በጠርሙሱ ያለው ነገር ከፊሉ የቀድሞው ተራራ ነው፤ አብዛኛው ደግሞ በዚያ ጠዋት ከመሬት ሆድ የወጣው ቅልጥ ዓለት በአየር ላይ ደቅቆና በርዶ የሆነው ነው። የጦርነት ማስታወሻ የሆነ ቀለህ የጦርነቱ ዕቃ እንጂ ጦርነቱ አይደለም። ይህ ግን የፍንዳታው ገላ ነው። ከዚህ የበለጠ ለነገሩ የቀረበ ማስታወሻ ምን ሊገኝ እንደሚችል አላውቅም፤ ችግሩም የሚጀምረው ከዚሁ ነው።

ከእነዚህ ጠርሙሶች አንዱን በእጄ ይዤ አይቼዋለሁ። ሲያትል የምትኖር ዘመዴ፣ ፈረንጆቹ ቤት ሲለቁ አሮጌ ዕቃቸውን ደጅ አውጥተው ከሚሸጡበት በጥቂት ሳንቲም ገዝታው፣ አዲስ አበባ ስትመጣ ይዛው መጣች። (ሲያትል ራሷ ነፋሱ ወደ ምሥራቅ ስለነፈሰላት ያን ቀን ከአመዱ የተረፈች ከተማ ናት።) ጠርሙሱ የሕፃን ምግብ የነበረበት ነው። በክዳኑ ላይ በተለጠፈችው ወረቀት በስክሪብቶ የተጻፉት ሦስት ነገሮች ናቸው፦ የከተማዋ ስም ያኪማ፣ ቀኑ፣ እና አመዱ የታፈሰው ከጋራዥ ጣሪያ ላይ መሆኑ። ሌላ የለም። «ታላቁ ፍንዳታ» የሚል የለም፤ «አስደናቂው የተፈጥሮ ቁጣ» የሚል የለም። እንዲህ ያለውን ቁጥብነት በብዙ ደራሲዎቻችን ዘንድ አጥቼዋለሁ። ስሟን እንኳ ያልጻፈች ወይም ያልጻፈ ያ ሰው፣ ማስታወሻ ምን እንደሚያስፈልገው ማንም ሳይነግረው አውቋል፤ የት፣ መቼ፣ ከምን ላይ።

ጣሪያው ደግሞ ትንሽ ነገር አይደለም። ከጣሪያ ላይ አመድ የሚያፍሰው ጣሪያውን የሚጠርግ ሰው ነው። ያኪማ መንገዶቿንና ቤቶቿን ለመጥረግ 10 ሳምንት ፈጅቶባታል፣ 2.2 ሚሊዮን ዶላር ወጥቶባታል። ሰዉ አፉን በጨርቅ ሸፍኖ በአካፋ ሲዝቅ ሰነበተ። ያ ጠርሙስ ከዚህ ሁሉ ዝቆሽ መካከል አንድ ሰው ቆም ብሎ «ይህቺንስ አልደፋትም» ያለበት ነው። የድካም ቁራሽ ነው ማለት ነው። አፋሹም አመዱን ፍለጋ አልሄደም፤ አመዱ ነው ቤቱ ድረስ የመጣበት።

ቦታው መጻፉ ሌላም ጥቅም አለው። አመድ እንደ ርቀቱ ይለያያል። ተራራው አጠገብ እንደ አሸዋ የሻከረ ነው፤ በራቀ መጠን እየላመ እንደ ፉርኖ ዱቄት ይሆናል። በአንድ ቦታም ቢሆን መጀመሪያ የወረደው ጥቁር ግራጫ፣ ኋላ የወረደው ነጣ ያለ ነበር። ንብርብሩን ሳይበጠብጥ በጠርሙስ ያስገባ ሰው የዕለቱን ታሪክ በቅደም ተከተል አስቀምጦታል ማለት ነው፤ ከታች የጠዋቱ፣ ከላይ የከሰዓቱ። የእኔ ዘመድ ጠርሙስ እንዲህ አይደለም። በመጥረጊያ የተሰበሰበ ስለሆነ ተደባልቆ አንድ ዓይነት ግራጫ ሆኗል። አልነቅፈውም፤ ከጣሪያ ነው ብሏል፣ ከጣሪያም ነው። ቦታውና ቀኑ ያልተጻፈበት ጠርሙስ ግን፣ ባለቤቱ ሲሞት ልጆቹ አሸዋ ነው ብለው ይደፉታል። ብዙው ጠርሙስ ዕጣው ይኸው ሳይሆን አይቀርም።

ገበያው መቼም የትም ቦታ ንቁ ነው። በሣምንታት ውስጥ አመዱ በከረጢት፣ በብልቃጥ፣ በእስክሪብቶ ቀፎ ውስጥ ገብቶ ይሸጥ ጀመር። ይህ አዲስ ነገር አይደለም፤ በአሥራ ዘጠነኛው መቶ ዓመት የኔፕልስ ሰዎች የቬሱቪየስን ትኩስ ቅልጥ ዓለት በሳንቲም እያተሙ ለተጓዥ ይሸጡ ነበር። ከሁሉ የቆየው የሴንት ሄለንስ ሸቀጥ ግን «ሄለናይት» የተባለው አረንጓዴ ብርጭቆ ነው። ከአመዱ ቀልጦ የተሠራ ነው እየተባለ እንደ ከበረ ድንጋይ ተሞርዶ በቀለበትና በጉትቻ ላይ ይውላል። ስለ አፈጣጠሩም የሚያምር ታሪክ አለው፤ ከፍንዳታው በኋላ በብየዳ እሳት ብረት ሲቆርጡ የነበሩ ሠራተኞች በአካባቢያቸው የነበረው አመድ ቀልጦ አረንጓዴ ሲሆን አዩ ይባላል።

የሚያምር ታሪክ መጠርጠር ከሐያሲ ሥራዎች አንዱ ነው፤ ይህን ግን ከእኔ ቀድሞ የጠረጠረ ሳይንቲስት አለ። እ.ኤ.አ. በ1986 ኩርት ናሶ የተባለው የከበሩ ድንጋዮች ሊቅ ከሴንት ሄለንስ አመድ ተሠራ ተብሎ ይሸጥ የነበረ አረንጓዴ ብርጭቆ መርምሮ፣ በውስጡ ቢኖር ቢኖር ከአሥር እጅ አንድ እጅ የማይበልጥ አመድ መሆኑን ጽፏል። ሁሉም አረንጓዴ ብርጭቆ እንዲህ ነው አልልም፤ እርሱ የመረመረው ያንን ነው። ሆኖም ነገሩ የሚያስተምር ነው። አረንጓዴው ቀለም ከውጭ በሚጨመሩ ማዕድናት የሚመጣ ነው፤ አመዱ ብቻውን ቢቀልጥ የሚሰጠው ጥቁርማ ብርጭቆ ነው። ስለዚህ ገዢው ጣቱ ላይ የሚያጠልቀው ውብ ነገር ውበቱ ከተራራው የመጣ አይደለም። ተራራው ያበደረው ስሙን ነው።

«ታዲያ ምን ቸገረህ፣ ገዢው ደስ ብሎታል» የሚል አይጠፋም። ይህ ሙግት ለጌጥ ይሠራል፤ ለማስታወሻ አይሠራም። ጌጥ ዋጋው በሚታየው ነው፤ ማስታወሻ ዋጋው በነበረበት ነው። ይህንን እኛ ከማንም በላይ እናውቀዋለን። ከገዳም የተመለሰች እናት በወረቀት ቋጥራ ለጎረቤት የምታድለው «እምነት» ምንድን ነው? ላላወቀ ሰው አፈርና አመድ ነው። ለሚቀበለው ግን ከዚያ ቦታ መምጣቱ ሁሉ ነገሩ ነው። ያቺ እናት መንገድ ላይ ቢደፋባት ከቤቷ ምድጃ አመድ ቋጥራ ብታድል ግንባሩን የተቀባው ሰው ልዩነቱን በመልኩ አያውቅም፤ እርሷ ግን ታውቃለች፣ አታደርገውምም። አረንጓዴውን ብርጭቆ የሚሸጡት ያደረጉት ያንን ነው። ያውም ሽቶና ቀለም ጨምረውበት።

ከሸክላ ሠሪዎቹ ላይ ግን እጄን አነሳለሁ። በአካባቢው የነበሩ ሸክላ ሠሪዎች አመዱን ከሚያንጸባርቀው የሸክላ ቅብ ጋር እያዋሃዱ ጀበናና ሳህን መሰል ዕቃዎችን ቀብተውበታል። እነዚህ አመዱ ዓለትና ብርጭቆ መሆኑን ተረድተው፣ እሳት ውስጥ መልሰው ከትተው፣ የሚሆነውን እንዲሆን ተዉት። ቡናማም ወጣ ግራጫ፣ የራሱ ቀለም ነው።

እስካሁን ስለ ጠርሙስና ስለ ቀለበት ስናወራ የዘለልነው ነገር አለ። 57ቱ ሰዎች። ከፍንዳታው በኋላ አስከሬናቸው ከተመረመረው አብዛኞቹ የሞቱት በእሳት ወይም በድንጋይ አይደለም፤ ትኩስ አመድ ተንፍሰው፣ ታፍነው ነው። ማለትም በሳሎን መደርደሪያ ላይ የተቀመጠው ያ ግራጫ ዱቄት የገዳዩ ታናሽ ወንድም ነው። ከተራራው 10 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ ይጠብቅ የነበረው የ30 ዓመቱ የእሳተ ገሞራ ተመራማሪ ዴቪድ ጆንስተን አስከሬኑ እንኳ አልተገኘም። በስፒሪት ሐይቅ ዳር ማረፊያ ቤት የነበረው የ83 ዓመቱ ሽማግሌ ሃሪ ትሩማን አልወጣም ብሎ ከ16 ድመቶቹ ጋር ናዳ ሥር ቀርቷል፤ ለእርሱማ ከመሞቱ በፊት ጀምሮ ጋዜጠኛው ሁሉ ተረባርቦ ጀግና አድርጎት ነበር፣ ሲሞት ደግሞ ዘፈንና ካናቴራ ወጣለት። የእኛ ሙያ ሰዎች አንድን ሽማግሌ እንዲህ ካሞገሱት በኋላ ከቤቱ መውጣት ምን ያህል እንደሚከብደው ማሰብ ነበረባቸው።

ከሁሉም ሮበርት ላንድስበርግን ሳልጠቅስ ማለፍ አልችልም። ከፖርትላንድ የመጣ የ48 ዓመት ፎቶ አንሺ ነበር። የአመዱ ደመና ወደ እርሱ ሲመጣ ከጥቂት ኪሎ ሜትሮች ርቀት ላይ ቆሞ ያነሳ ነበር። ማምለጥ እንደማይችል ሲያውቅ ፊልሙን መልሶ ጠቀለለው፤ ካሜራውን በቦርሳው ከተተ፤ ቦርሳውን መሬት አስቀምጦ በላዩ ተኛበት። ከ17 ቀን በኋላ ከአመዱ ሥር ተገኘ። ፎቶግራፎቹ እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 1981 በናሽናል ጂኦግራፊክ መጽሔት ወጡ። በሙቀትና በአመድ የተጎዱ ናቸው፤ ጉዳታቸውም የሥዕሉ አካል ሆኗል። የሴንት ሄለንስ ማስታወሻዎች ሁሉ በአንድ ጠረጴዛ ላይ ቢደረደሩ አንደኛ የምለው ይህንን ነው፤ ሁለተኛውን ግን ከጎኑ ማኖር ይከብደኛል።

የዘ ኮሎምቢያን ጋዜጣ ፎቶ አንሺ የነበረው የ27 ዓመቱ ሪድ ብላክበርን ዕድሉ ሌላ ነው። እርሱም በዚያ ጠዋት ሞተ፤ ካሜራው ቢገኝም በውስጡ የነበረው ፊልም ከጥቅም ውጭ ሆኖ ነበር። ነገር ግን እ.ኤ.አ. በ2013 በጋዜጣው መዝገብ ክፍል ውስጥ ከፍንዳታው ከሳምንታት በፊት ያነሳውና ሳይታጠብ የቀረ አንድ ጥቅል ፊልም ተገኘ። ሲታጠብ ተራራው ወጣ፤ ጫፉ ሳይቆረጥ፣ ከአየር ላይ ሆኖ የታየ። 33 ዓመት በሣጥን ውስጥ የተኛ፣ ማስታወሻ እንዲሆን ማንም ያላሰበው።

ከእነዚህ ጎን ሲቀመጥ ጠርሙሱ ነውር ነውን? ይህን ጥያቄ ለራሴ ደጋግሜ አንስቼዋለሁ። መልሴ፣ የያኪማው ጠርሙስ ነውር አይደለም የሚል ነው። አፋሹ ሰው የሞቱበትን ቦታ አልጎበኘም፤ የሰው ሞት ለጌጥ አልፈለገም። በራሱ ጣሪያ ላይ የወረደበትን ነው ያኖረው፤ ምናልባትም በዚያው አመድ ሲያስል ሰንብቷል። ግራ የሚያጋባኝ ከሩቅ መጥቶ የሚያፍሰው ነው። እ.ኤ.አ. በ1982 ተራራውና ዙሪያው ብሔራዊ ጥብቅ ሥፍራ ሆኖ ስለተከለለ ዛሬ ከዚያ ክልል አመድም ሆነ ድንጋይ ይዞ መውጣት ክልክል ነው። አገራችንን ጎብኝቶ የሚመለሰውን ፈረንጅ የጫማውን አፈር አራግፈው ሸኙት ስለሚባሉት ነገሥታት የምንተርከውን ታሪክ ያስታውሰኛል። የፓርኩ ዘበኞች ጫማ ባያራግፉም ሐሳቡ የሩቅ ዝምድና አለው።

የአይስላንዱን ኤይያፍያትላይኩትል በአጭሩ ልለፈው። እ.ኤ.አ. በ2010 የአውሮፓን አየር በረራ ለቀናት ባቆመ ጊዜ አመዱ በብልቃጥ ተሸጠ፤ ገቢው ለነፍስ አድን ቡድኖች እንዲሆን መደረጉ ነገሩን ጨዋ አድርጎታል። በኋላ በአንድ የስዊስ ኩባንያ የእጅ ሰዓት ውስጥ መግባቱ ግን የአረንጓዴው ብርጭቆ ታሪክ ነው፤ ዋጋው ብቻ ጨምሯል።

ስለ ሩቅ አገር አመድ ይህን ያህል የጻፍኩት ያለ ምክንያት አይደለም። እሑድ ኅዳር 14 ቀን 2018 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 23 ቀን 2025) ረፋድ ላይ በአፋር፣ በኤርታሌ ሰንሰለት ደቡባዊ ጫፍ ያለው ሀይሊ ጉቢ ፈነዳ። ከዚያ በፊት ስለ መፈንዳቱ ሰው የመዘገበው ነገር የለም። አመዱ 14 ኪሎ ሜትር ያህል ወጥቶ ቀይ ባሕርን ተሻገረ፤ የመንን፣ ኦማንን አልፎ በማግሥቱ ሕንድ ደረሰ፤ ዴልሂ ላይ በረራዎች ተሰረዙ። የዓለም ዜና ማሰራጫዎች የሳተላይት ሥዕሉን አሳዩ፤ ስለ አውሮፕላኖቹ በሰፊው አወሩ። በአፍዴራ ዙሪያ ያሉ መንደሮች በአመድ መሸፈናቸውና የእንስሳቱ ግጦሽ መቀበሩ በአንድ ሁለት ዐረፍተ ነገር ታለፈ። የሰው ሕይወት አለመጥፋቱ ዜናውን ቶሎ አበረደው።

ያኪማ 10 ሳምንት ሙሉ የጠረገችበት አካፋና ገንዘብ ነበራት። በአፍዴራ የጨው አገር አመዱ የወረደው የሚጠረግ ጋራዥ ጣሪያ ላይ ሳይሆን ፍየልና ግመል በሚግጡት ቁጥቋጦ ላይ ነው። እዚያ ጠርሙስ ያነሳ ሰው ኖሮ እንደሆነ፣ ወረቀቷ ላይ ምን ይጻፍ እንደነበር ማሰብ አልተውኩም። መጀመሪያ በአፋርኛ መሆን አለበት። ቦታው፦ አፍዴራ። ቀኑ፦ ኅዳር 14። ከምን ላይ፦ እዚህ ጋ ያኪማዊው በአንድ ቃል የጨረሰውን የእኛ አርብቶ አደር በአንድ ቃል የሚጨርሰው አይመስለኝም፤ የቁጥቋጦውን ስም፣ የየትኛዋ ግመል ግጦሽ እንደነበረና ግመሏም ያን ቀን ምን እንደበላች መጨመር ይኖርበታል።